የቦስተን ወደብ ደሴቶች፦ እናቴን የትኛው ላይ ልውሰዳት?

የካምብሪጅ ልጅ፦

ሰላም ወገኖች። ቦስተንና አካባቢው ያላችሁ እርዱኝ።

እናቴ ከባሕር ዳር መጥታ እኛ ጋ ናት። የዘጌ ልጅ ናት፣ ጣና ዳር ነው ተወልዳ ያደገችው። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሳውዝ ቦስተን፣ ካስል አይላንድ ወሰድኳት። ወንበር ላይ ተቀምጣ ማዶ ማዶውን ስታይ ቆየችና "እነዚያ ደሴቶች ገዳም አላቸው?" አለችኝ። እኔ እዚህ አገር አሥራ አንድ ዓመት ስኖር ደሴቶቹን አንድም ቀን ልብ ብዬ አይቻቸው አላውቅም። "ያላቸው አይመስለኝም" አልኳት። "ታዲያ ማን ይኖርባቸዋል?" ብላ ጠየቀች። መልስ አጣሁ።

ቤት ገብቼ ትንሽ አነበብኩ። 34 ደሴቶችና ልሳነ ምድሮች እንደሆኑ፣ ከ1996 (በፈረንጅ) ጀምሮ የብሔራዊ ፓርኮች አካል እንደሆኑ አየሁ። ሥራ ቦታ ለአንዷ ባልደረባዬ ስነግራት ግን "እዚያ ምን ልታደርጊ? ቆሻሻ መጣያና እስር ቤት የነበረ ቦታ እኮ ነው" አለችኝ።

እውነት ነው? እውነት ከሆነስ እናቴንና ልጆቼን ይዤ ብሄድ ደህና ነው? ልጆቼ 6 እና 9 ዓመታቸው ነው። የእናቴ ጉልበት ደካማ ስለሆነ ብዙ ዳገት አትችልም። ጀልባ ግን አትፈራም። ክብራን ገብርኤልን ሴት ስለማይገባበት ዕድሜዋን ሙሉ ከጀልባ ላይ ሆና ነው የምትሳለመው። ደሴት ወርዳ እንድትውል ፈልጌ ነው። የት ልውሰዳት?

ጋሽ ዶርቼስተር፦

እህቴ፣ እንኳን እናትሽ በሰላም መጡልሽ። ባልደረባሽ የነገረችሽ ውሸት አይደለም፣ ግን ጊዜው አልፎበታል።

እኔ ቦስተን የገባሁት በፈረንጅ በ1984 ነው። ያኔ ወደቡ ይሸት ነበር። በተለይ ሐምሌና ነሐሴ፣ ባሕሩ ሲሸሽና ጭቃው ሲገለጥ፣ መስኮት ከፍቶ መቀመጥ ያስቸግር ነበር። ልጆቻችንን ውኃ ውስጥ እንዳትገቡ ብለን ነው ያሳደግናቸው። ስለዚህ ሰው ያንን ስም እስከ ዛሬ ይዞት ቢዞር አልፈርድበትም።

ለእናትሽ የምመክርሽ ስፔክታክል ደሴትን ነው። ስሙ መነጽር ማለት ነው፣ ሁለት ኮረብቶች በቀጭን አሸዋ ተያይዘው ከሩቅ ሲታዩ መነጽር ይመስሉ ስለነበር። የደሴቲቱ ታሪክ ግን ጉድ ነው። በ1700ዎቹ መጀመሪያ በመርከብ የመጡ በሽተኞች ከከተማው ተለይተው የሚቆዩባት ቦታ ነበረች። ከዚያ ሆቴሎች ተከፈቱባት፣ ቁማርተኛ ሲበዛ ፖሊስ ዘጋቸው። በ1857 ደግሞ አንድ ነጋዴ የሞተ ፈረስ የሚቀቀልበት ፋብሪካ አቋቋመ። በዚያ ዘመን ከተማው የሚንቀሳቀሰው በፈረስ ነው። ፈረሱ ሲሞት እዚያ ተወስዶ ቆዳው፣ ስቡ፣ አጥንቱ ለየብቻ ይወጣል። ከፈረሱ ቀጥሎ የቦስተን ቆሻሻ መጣ። እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ ድረስ የከተማው ጥራጊ በጀልባ እየተጫነ እዚያ ሲደፋ ኖረ። መድፋቱ ከቆመ በኋላም ቆሻሻው እንደተገለጠ ነበር፣ ማዕበል በመታው ቁጥር እየተናደ ባሕር ውስጥ ይገባል።

የለወጣት መንገድ ሥራ ነው። በ1990ዎቹ ቦስተን አውራ ጎዳናውን ከመሬት በታች ሊቀብር ሲቆፍር፣ ቢግ ዲግ የሚባለው ማለት ነው፣ የወጣው አፈር መሄጃ አጣ። በሚሊዮን የሚቆጠር ሜትር ኩብ አፈር ወደ ስፔክታክል ተጋዘ። ቆሻሻው በአፈርና በሸክላ ጭቃ ታሸገ፣ ዙሪያው በድንጋይ ተደገፈ፣ ላዩ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ዛፍና ቁጥቋጦ ተተከለ። በ2006 ለሕዝብ ተከፈተች። ዛሬ ቆመሽ ከተማውን የምታዪበት ኮረብታ ከሥሩ የአያቶቻቸው ጥራጊ ነው። ምንም አይሸትም። ሣርና አበባ ነው።

ጀልባው የሚነሳው ከሎንግ ዋርፍ ነው። በብሉ ላይን ባቡር አኳሪየም ጣቢያ ወርዳችሁ ትንሽ ትራመዳላችሁ። ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ስትወርዱ ጎብኚ የሚያርፍበት ቤት፣ መጸዳጃና ጥላ አለ፣ ዋና የሚፈቀድበት ዳርቻም አለ። ዳገቱን ትታችሁ ዳር ዳሩን መሄድ ይቻላል። ውኃና ምግብ ይዛችሁ ሂዱ። ቆሻሻችሁንም ይዛችሁ ተመለሱ፣ ደሴቶቹ ላይ ቅርጫት አትፈልጊ።

ልጆቹ ከደከሙ እዚያው ዋሉ። ካልደከሙ በጀልባ ወደ ጆርጅስ ደሴት ተሻገሩ። ፎርት ዋረን የሚባል የግራናይት ምሽግ አለ። ለልጆች ገነት ነው። ባትሪ መያዝ እንዳትረሺ፣ የውስጡ መተላለፊያ ድቅድቅ ጨለማ ነው።

የታሪክ ወዳጅ፦

ጋሼ ስለ ፎርት ዋረን ያሉት ላይ ልጨምር።

ምሽጉ በ1833 ተጀምሮ ለመጨረስ ወደ ሠላሳ ዓመት ፈጅቷል። ሲያልቅ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ደረሰ፣ ሊገነጠሉ የተዋጉት የደቡብ ግዛቶች ምርኮኞች ማሰሪያ ሆነ። ከታሰሩት ውስጥ ትልቁ ሰው የደቡቡ ምክትል ፕሬዚዳንት አሌክሳንደር ስቲቨንስ ነው። ይህ ሰው በ1861 ባደረገው ንግግር የአዲሱ መንግሥታቸው የማዕዘን ድንጋይ የጥቁሮች ባርነት መሆኑን ሳያፍር የተናገረ ነው። በ1865 ተይዞ መጥቶ እዚያ ምሽግ ውስጥ አምስት ወር ያህል ተቀመጠ። እኔ ያንን ክፍል ሳየው ቆሜ ቀረሁ። ልጆችሽ ሲያድጉ የሚያስታውሱት ነገር ነው።

ግን እኔ በጣም የምወደው ታሪክ ያለው ፔዶክስ ደሴት ላይ ነው። የኛ ሰው ማወቅ አለበት ብዬ አምናለሁ። ፎርት አንድሩስ የሚባል የጦር ሰፈር ነበረበት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሰሜን አፍሪካ ላይ የተማረኩ ጣሊያኖች ተጭነው ወደ አሜሪካ መጡ። ከሺህ የሚበልጡት ፔዶክስ ላይ ሰፈሩ። ጣሊያን በመስከረም 1943 እጇን ከሰጠች በኋላ ከአሜሪካ ጋር ለመሥራት የፈቀዱ ምርኮኞች ሰንሰለቱ ላላላቸው። እሑድ እሑድ ወደ ኖርዝ ኤንድ፣ ወደ ቦስተን ጣሊያኖች ሰፈር እየተወሰዱ ከዘመድ ጋር ፓስታ ይበሉ ነበር።

አሁን ይህንን ከኛ ጋር አስተያዩት። ከየካቲት 12፣ 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ ፋሺስቶች በመቶዎች የሚቆጠሩ መኳንንትና የተማሩ ኢትዮጵያውያንን ከነቤተሰባቸው ወደ ጣሊያን አጋዙ። ብዙዎቹ የተወረወሩት አዚናራ በምትባል ደሴት ላይ ነው። ራስ እምሩ ደግሞ ፖንዛ በምትባል ሌላ ደሴት ታሰሩ። እዚያ ዘመድ ቤት የሚወስዳቸው አልነበረም። ሙሶሊኒ በሐምሌ 1943 ከሥልጣን ሲወርድ የገዛ አገሩ ሰዎች ፖንዛ ወስደው ያስቀመጡት ራስ እምሩ ታስረውበት በነበረው ቤት ነው። ይህንን መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ፔዶክስ ላይ የወታደሮቹ ጸሎት ቤት እስከ ዛሬ አለ፣ ታድሷል። የሰፈሩ ጡብ ሕንፃዎች አንዳንዶቹ ፈርሰዋል፣ አንዳንዶቹ በዛፍ ተውጠዋል። በዚያው ደሴት በ1960ዎቹ የአንድ ሰው አጽም ተገኝቶ 4,000 ዓመት ያለፈው ሆኗል። አስቡት፣ ከአክሱም ሐውልቶች በእጥፍ ይበልጣል።

አንድ ነገር ደግሞ። ሊትል ብሩስተር የምትባል ድንክ ደሴት ላይ በ1716 የቆመ የመርከብ መሪ መብራት ነበር፣ ቦስተን ላይት ይባላል። ዛሬ አሜሪካ በሚባለው አገር የመጀመሪያው ነው። እንግሊዞች ሲወጡ በ1776 አፈረሱት፣ አሁን ያለው በ1783 የተሠራው ነው። የመጀመሪያው ጠባቂ ጆርጅ ወርዚሌክ በ1718 ከከተማ ሲመለስ ከሚስቱና ከልጁ ጋር ሰጠመ። ወሬው ቦስተንን ያስለቀሰ ሲሆን ቤንጃሚን ፍራንክሊን ገና የ12 ዓመት ልጅ ሳለ ግጥም ጽፎበት መንገድ ላይ ሸጧል። ሲተረክ ግን ብዙ ጊዜ የሚዘለል ሰው አለ። ሻድዌል ይባላል። ጠባቂው በባርነት የያዘው አፍሪካዊ ነው። ቤተሰቡን ከመርከቡ ወደ ደሴቲቱ ሊያመጣ በታንኳ የወጣው እሱ ነበር፣ አብሮ ሰጠመ። የጌቶቹ መቃብር ኖርዝ ኤንድ፣ ኮፕስ ሂል ላይ ስማቸው ተቀርጾ አለ። እዚያ በሄድኩ ቁጥር የሱንም ስም ድምፄን ከፍ አድርጌ እጠራዋለሁ።

ውኃ ልክ፦

እኔ በውኃና ፍሳሽ ላቦራቶሪ ሥራ ላይ ነው ያለሁት፣ ስለዚህ ወደቡ እንዴት ጸዳ የሚለውን ልንገራችሁ። ማንም የማይጎበኛት ደሴት ናት የሠራችው። ዲር ደሴት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

ከቦስተን አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከሎጋን፣ ስትነሱ ወይም ስታርፉ በመስኮት አሥራ ሁለት ግዙፍ ነጭ እንቁላሎች ቆመው አይታችኋል አይደል? እነሱ ናቸው። እያንዳንዱ ከአሥር ፎቅ በላይ ይረዝማል። ውስጣቸው ባክቴሪያ የፍሳሹን አተላ ይበላል። ከዚያ የሚወጣው ጋዝ ተቃጥሎ ጣቢያውን ያሞቃል፣ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። የቀረው ዝቃጭ ደርቆ ማዳበሪያ ይሆናል። ካምብሪጅ ቤትሽ ውስጥ ሽንት ቤት ስትለቂው የሚሄደው ወደዚያ ነው፣ የ43 ከተሞችና ወረዳዎች ፍሳሽ ከ2 ሚሊዮን ከሚበልጥ ሕዝብ።

ድሮ የነበረው ጣቢያ አርጅቶ ነበር። ፍሳሹን በደንብ ሳያጣራ ይለቀዋል። አተላውንም ባሕሩ ሲሸሽ ጠብቀው ይደፉታል፣ ይዞት እንዲሄድ ተብሎ። ባሕሩ ግን ሲሞላ መልሶ ያመጣዋል። ጋሼ ያሉት ሽታ ይኸው ነው። በ1982 የክዊንሲ ከተማ ጠበቃ ዳርቻው ላይ ሲሮጥ የረገጠው ነገር አሸዋ አለመሆኑን አየና ከተማው ከሰሰች። ጉዳዩ ፌዴራል ፍርድ ቤት ገባ። ዳኛው በቀነ ቀጠሮ አስጨንቀው ያዙት። በታኅሣሥ 1991 አተላ ወደ ባሕር መድፋት ቆመ። አዲሱ ጣቢያ በ1995 ሥራ ጀመረ። በመስከረም 2000 ደግሞ ከባሕሩ ወለል ሥር በዓለት ውስጥ የተቆፈረ 15 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ዋሻ ተከፈተ፣ የተጣራውን ውኃ ከወደቡ አሳልፎ ጥልቅ ባሕር ውስጥ ይበትነዋል። ዛሬ ዶልፊን መሰሎቹ ፖርፖይዞች ወደቡ ውስጥ ገብተው ዓሣ ያሳድዳሉ። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።

ግን ዲር ደሴትን ስናነሳ ሌላውን መዝለል ነውር ነው።

በ1675 ቅኝ ገዢዎቹና የአገሬው ተወላጆች ጦርነት ገጠሙ። ናቲክ በሚባል መንደር የሚኖሩ ክርስትና የተቀበሉ ተወላጆች ነበሩ። መጽሐፍ ቅዱስ በገዛ ቋንቋቸው በ1663 ታትሞላቸዋል። ከነጮቹ ጎን ነን ያሉ ሰዎች ናቸው። አልታመኑም። በጥቅምት መጨረሻ ሌሊት ከቻርልስ ወንዝ ዳር በጀልባ ተጭነው ዲር ደሴት ላይ ተጣሉ። ሴት፣ ሕፃን፣ ሽማግሌ በመቶዎች የሚቆጠሩ። ክረምቱ እንዴት እንደሆነ እዚህ የኖረ ያውቀዋል፣ ያውም ቤት ሳይኖር፣ ነፋሱ ከአትላንቲክ በቀጥታ እየመጣ። የሚበሉት ከጭቃው የሚለቅሙትን ዛጎል ነው። ግማሽ ያህሉ እንዳለቁ ይገመታል። በዚያው ዓመት ተወላጅ ሰው ቦስተን እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ ወጥቶ ነበር። ያ ሕግ የተሻረው በ2005 ነው። አልተሳሳትኩም፣ በሁለት ሺህ አምስት። ዘሮቻቸው እስከ ዛሬ በየዓመቱ በጥቅምት መጨረሻ በታንኳ እየቀዘፉ ያንን መንገድ ይሄዱታል።

ከዚያ በ1847 የአየርላንድ ረሃብ መጣ። በመርከብ ታጭቀው የደረሱ በተስቦ የታመሙ ስደተኞች ከተማ ከመግባታቸው በፊት ዲር ደሴት ላይ ይወርዱ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ከ800 በላይ ሰዎች እዚያው ሞቱ። ስም የሌለው ጉድጓድ ነው የተቀበሩት። በ2019 መስቀል ያለበት መታሰቢያ ቆመላቸው። ከዚያ ደግሞ እስከ 1991 እስር ቤት ነበር።

አሁን ዙሪያውን የእግር መንገድ አለ፣ ክፍት ነው። ጀልባ አያስፈልግም፣ በ1930ዎቹ የባሕሩ ሰርጥ በአሸዋ ተደፍኖ ደሴቲቱ ከዊንትሮፕ ከተማ ጋር ተያይዛለች። በመኪና ይገባል።

ሐረግ፦

ውኃ ልክ ይቅርታ፣ ግን ጠያቂዋ እናቷንና ልጆቿን አንድ ቀን ላዝናና ነው ያለችው። ይህን ሁሉ ሬሳ ምን አመጣው? ለስደተኛ ሰው ሸክም ላይ ሸክም አትጨምሩ። እኔ በየዓመቱ እሄዳለሁ፣ ሣሩ ላይ ተኝቼ አውሮፕላን ሲያርፍ አይቼ እመለሳለሁ፣ ይበቃኛል።

ውኃ ልክ፦

ሐረግ፣ እረፍትሽን አልነፍግሽም። የቱ ደሴት ላይ ቆሜ እንዳለሁ ሳላውቅ ግን እኔ ማረፍ አልችልም። እናትየዋ ራሳቸው "ማን ይኖርባቸዋል?" ብለው ጠየቁ እኮ። እኔ ለእሳቸው ነው የመለስኩት።

ወፍ ጠባቂ፦

ሁላችሁም ሰው ሰውን ነው ያወራችሁት። ስለ ደሴቶቹ ስለ ራሳቸው አንድ ሰው ይናገር።

እነዚህ ደሴቶች እሳተ ገሞራ አይደሉም፣ ኮራልም አይደሉም። አብዛኞቹ የበረዶ ግግር ሥራ ናቸው። ከዛሬ 20,000 ዓመት በፊት እዚህ አካባቢ ኪሎ ሜትር የሚገመት በረዶ ተጋድሞ ነበር። ሲጎተት አፈሩንና ጠጠሩን እየጠቀጠቀ እንደ ሞሰብ ክዳን የተደፉ ኮረብቶች ትቶ ሄደ፣ ድረምሊን ይባላሉ። በረዶው ሲቀልጥ ባሕሩ ከፍ አለ፣ ኮረብቶቹ ተከበቡ፣ ጫፋቸው ብቻ ቀረ። የምናየው እሱን ነው። የሰመጠ የድረምሊን መስክ በአሜሪካ ሌላ ቦታ የለም።

አብዛኞቹ አፈርና ጠጠር ስለሆኑ ባሕሩ ይበላቸዋል። ኒክስስ ሜት የምትባል ደሴት ነበረች። በ1636 ለአንድ የመርከብ መሪ ስትሰጥ በግ የሚሰማራባት ሰፊ ቦታ ነች። በ1726 ዊልያም ፍላይ የተባለ የባሕር ወንበዴ ከተሰቀለ በኋላ ሬሳውን ለመቀጣጫ እዚያ አንጠለጠሉት። ዛሬ ሄደሽ ብታዪ በጥቁርና ነጭ ቀለም የተቀባ ምልክት ከውኃ ላይ ቆሞ ይታያል፣ በቃ። ባሕሩ ሲሸሽ ጥቂት ጠጠር ብቅ ይላል። ደሴቲቱ አለቀች።

ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ልዩነቱ በአማካይ ሦስት ሜትር ያህል ነው። ለጣና ሰው ይህ አዲስ ነገር ነው፣ ለእናትሽ አሳዪያቸው። ሲጎድል ድንጋዩ ሥር ሸርጣን፣ ቀንድ አውጣና ጥቁር ዛጎል ይገለጣል። ልጆቹ ድንጋይ ሲያገላብጡ መልሰው እንደነበረ እንዲያስቀምጡት ንገሪያቸው፣ ከሥሩ ያለው ፍጥረት በፀሐይ ይሞታል። ትንሿ አረንጓዴ ሸርጣን አገሬው አይደለችም፣ ከአውሮፓ በመርከብ መጥታ አካባቢውን የወረረች ናት። በምኪን ደሴትማ ባሕሩ ሲሸሽ ከሀል ከተማ የአሸዋ መንገድ ይወጣላታል፣ በእግር ይገባል። ሰዓቱን ያላወቀ እዚያው ይቀራል።

ወፍ ከወደዳችሁ፣ ጥቁር፣ አንገቱ ረጅም፣ ድንጋይ ላይ ቆሞ ክንፉን እንደ ተሰጣ ልብስ ዘርግቶ የሚያደርቅ ታያላችሁ። ጣና ላይም ዘመዱ አለ፣ እናትሽ ገና ሲያዩት ያውቁታል። ራቅ ባሉት ደሴቶች ላይ አይደር የሚባለው ዳክዬ ይራባል። ሴቷ ከገዛ ደረቷ ላባ ነቅላ ነው እንቁላሎቿን የምታለብሰው። ሲል የሚባሉት የባሕር እንስሳት ግን በፈረንጅ ክረምት፣ በብርዱ ወቅት ነው የሚበዙት፣ በነሐሴ ብዙ አትጠብቁ። ሰዎች በማይደርሱባቸው ድንጋዮች ላይ ጥር አካባቢ ተጋድመው አይቻለሁ፣ ከሩቅ የአሸዋ ከረጢት ይመስላሉ፣ ከዚያ አንዱ አንገቱን ያቀናል።

ግሬፕ ደሴት ምሽግም ፋብሪካም ያልተሠራበት ነው። ዱር እንጆሪ ሞልቶታል። እሾሁ ያው የአገራችን እሾህ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፣ በሁሉም ደሴቶች ላይ፦ ሦስት ሦስት ቅጠል ያለው ፖይዝን አይቪ የሚባል ተክል አለ፣ ከነካችሁት ቆዳ ይልጣል። ከመንገዱ አትውጡ። ማታ ቤት ስትገቡም የልጆቹን እግር ለመዥገር አገላብጡ።

የካምብሪጅ ልጅ፦

ወገኖች፣ ሄድን። ቅዳሜ ዕለት። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እናቴም "መርቂልኝ" ብላለች።

መጀመሪያ ጆርጅስ ወረድን። ልጆቹ ባትሪያቸውን ይዘው ምሽጉ ውስጥ ሲጮሁ እኔ ከኋላቸው ስሮጥ ዋልኩ። እናቴ በሩ ላይ ድንጋዩን በመዳፏ ዳሰሰችው። "ይሄንን ያነሱት በምንድነው?" አለች። ስለ ስቲቨንስ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና "አምስት ወር ብቻ?" አለች።

ቀጥሎ ስፔክታክል። ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፣ ምንም አይሸትም። ቢራቢሮ ነው የሞላው። ከቆሻሻው በላይ እንደቆምን ስነግራት አላመነችም። ዳርቻውን ይዘን ቀስ ብለን ሄድን። ባሕሩ ሸሽቶ ነበር። ጠጠሩ መካከል የጠርሙስ ስባሪ አለ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ፣ ነጭ፣ ባሕሩ ስላሸው እንደ ከረሜላ ለስልሷል። ልጄ ኪሱን ሊሞላ ሲል ማንሳት እንደማይፈቀድ የሚል ሰሌዳ አየን፣ መለሰው። እናቴ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር አነሳች። ጠርዙ የተሸረፈ፣ የጣት ጥፍር የሚያህል ሸክላ፣ ሰማያዊ አበባ ያለው። አገላብጣ አየችውና "ሲኒ ነው" አለች። "የሆነች ሴት ሰብራው ነው።" ጥቂት ይዛው ቆየች፣ ከዚያ ያነሳችበት ቦታ ላይ አበባውን ወደ ላይ አድርጋ አስቀመጠችው።

ክንፉን የሚያደርቀውን ወፍም አየችው። ስሙን በልጅነታቸው የሚጠሩበትን ነገረችኝ፣ ልጆቼ እየደጋገሙ ያዙት።

ሐረግ፣ እኔም እንደ አንቺ ስለ ሞት ላልነግራት ነበር ያሰብኩት። ስንመለስ ግን ጀልባው በዲር ደሴት በኩል አለፈ። እንቁላሎቹን አይታ "እነዚያስ ምንድን ናቸው?" ስትል ጀመርኩ፣ ከፍሳሹ ወደ ናቲክ ሰዎች፣ ከነሱ ወደ አየርላንዶቹ ሄድኩ። ነጠላዋን ከራሷ ላይ አስተካክላ ተነሳች። ጀልባው እየተንገጫገጨ ስለሆነ ክንዷን ያዝኳት። አማተበች፣ "ነፍስ ይማር" አለች፣ ደሴቲቱ ከኋላችን እስክትቀር ቆማ ነው የሸኘቻት።

አሁን በየቀኑ የምትጠይቀኝ ያ መስቀል ያለበት ቦታ መቼ እንደምንሄድ ነው። ጧፍ ይዛ መሄድ ትፈልጋለች። ውኃ ልክ፣ በመኪና ይገባል ብለሃል፤ ማቆሚያው ከመታሰቢያው ምን ያህል ይርቃል? መንገዱስ ዳገት አለው ወይስ ሜዳ ነው?